አረንጓዴ ከተማ በማን ገንዘብ? ብድር፣ ቦንድ፣ ግብር፣ እርዳታና መዋጮ ሲነጻጸሩ

የወንዝ ዳር ፓርክ የማይፈልግ ከንቲባ የለም። ክረምት በመጣ ቁጥር ቤቱ ውኃ የሚገባበት ነዋሪም ደህና የፍሳሽ መስመር ይፈልጋል። አውቶብስ ይፈልጋል። ጥላ ያለው የእግረኛ መንገድ ይፈልጋል። የአብዛኞቹ ከተሞቻችን ካዝና ግን ከደመወዝና ከነዳጅ ብዙ አያልፍም። ስለዚህ ወሬው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ገንዘብ ላይ ያርፋል። ከማን እንበደር? ማን ይርዳን? ቦንድ ይሻላል ወይስ መሬት በሊዝ ማውጣት?

ይህ መመሪያ ለከተማ ምክር ቤት አባላት፣ ለማዘጋጃ ቤት መሐንዲሶችና የፋይናንስ ባለሙያዎች፣ እንዲሁም ሕዝባዊ ስብሰባ ላይ እጁን አውጥቶ መጠየቅ ለሚፈልግ ነዋሪ የተዘጋጀ ነው። አቋሜን ከወዲሁ ልናገር። ብዙ ጊዜ የምናወዳድረው ወለድን ነው። እኔ ከወለድ በፊት ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። ዕዳው የሚመለሰው በብር ነው በዶላር? የሚሠራው ነገር ራሱ ገቢ ያስገባል? ከተመረቀ በኋላ የሚጠግነው ማነው፣ በምን በጀት? እነዚህ ሳይመለሱ የተወሰደ ገንዘብ በነጻ ቢሰጥ እንኳ ሊወደድ ይችላል።

ቀላል ባቡሩ ያስተማረን

ለዚህ ከአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። ሥራ የጀመረው መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ነው። ወጪው 475 ሚሊዮን ዶላር አካባቢ ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው። ሁለት መስመር፣ 41 ባቡሮች። በኤሌክትሪክ ይሄዳል፣ ጭስ የለውም። እንደ አረንጓዴ መሠረተ ልማት ካየነው ሐሳቡ ትክክል ነበር።

አሁን ቲኬቱን እንመልከት። ባቡሩ ሲጀምር ዋጋው እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። ያኔ አንድ ዶላር 21 ብር ገደማ ነው። ስለዚህ ከዕዳው አንድ ዶላር ለመክፈል አሥር ያህል የሁለት ብር ተሳፋሪ ይበቃ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። በጥቂት ወራት ዶላር 120 ብር ደረሰ። በዚያው በድሮው ቲኬት ብናሰላው ለዚያችው አንድ ዶላር 60 ተሳፋሪ ያስፈልጋል ማለት ነው። ባቡሩ አልተለወጠም፣ መንገዱ አልረዘመም፣ የተሳፋሪው ደመወዝም ስድስት እጥፍ አላደገም። ዕዳው ግን በብር ሲታይ አደገ። ቲኬቱን በዚያ ልክ ማስወደድ ደግሞ አይቻልም፤ ባቡሩ የተሠራው ከአያትና ከቃሊቲ ለሚመላለሰው ዝቅተኛ ገቢ ላለው ሰው ነውና።

መለዋወጫውም እንደዚሁ ነው። ከውጭ ነው የሚመጣው፣ በውጭ ምንዛሬ። ምንዛሬ ሲጠፋ ባቡሩ ዴፖ ውስጥ ይቆማል። ከ41ዱ ከግማሽ በላይ የቆሙበት ጊዜ ነበር። የቀሩት ደግሞ ተጨናንቀው ሄዱ። ጠዋት ጦር ኃይሎች ወይም መገናኛ ባቡር ጠብቆ የሚያውቅ ሰው ይህን ከእኔ በላይ ያውቀዋል።

ባቡሩ መሠራት አልነበረበትም እያልኩ አይደለም። በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው አጓጉዟል። የምለው ገቢው በብር፣ ዕዳውና ጥገናው በዶላር የሆነ ሥራ ሲታቀድ ይህ ልዩነት ከመጀመሪያው ቀን በጀት ውስጥ መግባት አለበት ነው። የመለዋወጫ ክምችት አብሮ መገዛት አለበት። የፌዴራል ድጎማው መጠን አብሮ መጻፍ አለበት። ይህን ሦስት ጥያቄ ይዘን አማራጮቹን እንያቸው። ከዚያ በፊት ግን ስለ ዕቅድ ትንሽ።

ዕቅድ የሌለው ከተማ ገንዘብ ቢያገኝም ያባክነዋል

በዴንማርክ ዋና ከተማ ኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. ጁላይ 2 ቀን 2011 በሁለት ሰዓት ውስጥ ከባድ ዝናብ ወረደ። መንገዱ ወንዝ ሆነ። ጉዳቱ ከ5 ቢሊዮን ክሮነር በላይ ተገመተ። ከተማው በማግሥቱ ትልልቅ ቱቦ ለመቅበር አልተጣደፈም። በዓመቱ የዶፍ ዝናብ ዕቅድ አወጣና ሁለት መንገድ አወዳደረ። አንደኛው ቱቦ ብቻ መቅበር ነው። ሁለተኛው ቱቦን ከፓርክ፣ ውኃ ከሚይዝ ሜዳና ዝቅ ብሎ ከተሠራ መንገድ ጋር ማቀናጀት ነው። ሁለተኛው ረከሰ። 300 ያህል ፕሮጀክቶች ተነደፉ። ከእነዚህ አንዱ ኤንግሄቬ የተባለው የቆየ መናፈሻ ነው። በደረቁ ጊዜ ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል። ዶፍ ሲወርድ 22,600 ሜትር ኩብ ያህል ውኃ ይይዛል። ወጪው በአብዛኛው የሚሸፈነው ከነዋሪው የውኃ ክፍያ ነው፤ ለዓመታት ተከፋፍሎ፣ በራሳቸው ገንዘብ።

ዳሬሰላም ደግሞ ሌላውን ገጽታ ታሳያለች። እ.ኤ.አ. በ2016 ሥራ የጀመረው የፈጣን አውቶብስ መስመሯ በምሥራቅ አፍሪካ ፋና ወጊ ነው፣ እውነትም ብዙ ሰው ያመላልሳል። ዴፖው ግን የተሠራው ጃንግዋኒ በሚባል የምሲምባዚ ወንዝ ጎርፍ በሚተኛበት ሜዳ ላይ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር አውቶብሶቹ ውኃ ውስጥ ቆሙ፣ ሞተርና ወንበር ተበላሸ። ዴፖውን ከዚያ ለማንሣት ሌላ ፕሮጀክትና ሌላ ብድር አስፈለገ። የጎርፍ ካርታ ቀድሞ ተነስቶ ቢሆን ያ ሁሉ ወጪ ይቀር ነበር።

እኛም ድሬዳዋ አለችን። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት መጥቶ ከ200 በላይ ሰው ወሰደ። ዝናቡ የወረደው ከተማዋ ላይ ሳይሆን ከበላይዋ ካለው ደጋ ላይ ነበር። የከተማ ፕላን ድንበር ከማዘጋጃ ቤቱ ድንበር ጋር እንደማይቆም ከዚህ በላይ የሚያሳይ የለም። ተፋሰሱ በሙሉ ካልታየ የከተማው ግንብ ብቻውን ምንም አያድንም።

ስለዚህ የመጀመሪያው የዕቅድ ሥራ ርካሽ ነው፤ ውኃው የት እንደሚሄድ ካርታ ላይ ማስፈርና ያንን መሬት ባዶ ማቆየት። ሰው ከሰፈረበት በኋላ ያው መሬት እጅግ ውድ ይሆናል። የወንዝ ዳርም ሆነ የኮሪደር ልማት ሲታሰብ ከአስፋልቱና ከመብራቱ ጋር የሚነሱ ቤተሰቦች ወጪ አብሮ መሰላት አለበት። ካሳው ብቻ አይደለም። ከፒያሳ ወይም ከካዛንቺስ ተነስታ ከተማ ዳር የሄደች ጉልት ቸርቻሪ ደንበኛዋን ታጣለች። ልጇ ትምህርት ቤት ይቀይራል። ዕድሯ ይበተናል። ይህ ወጪ ሰነዱ ላይ ካልተጻፈ የሚከፍለው እሷ ብቻዋን ናት፣ እኔ ደግሞ ይህን ፍትሕ ነው ብዬ መቀበል አልችልም።

እርዳታና በውጤት የሚሰጥ ድጎማ

ለአብዛኞቹ የክልል ከተሞች ትልቁ የልማት ገንዘብ ከዚህ ነው የመጣው። በዓለም ባንክ የተደገፈው የከተሞች ተቋማዊና የመሠረተ ልማት ልማት ፕሮግራም በ2010 ዓ.ም. ሲጸድቅ 600 ሚሊዮን ዶላር ነበረው፣ 117 ከተሞችንም ያቀፈ ነበር። ገንዘቡ ዝም ብሎ አይታደልም። ከተማው በየዓመቱ ይመዘናል፤ ዕቅድ አለው ወይ፣ ሒሳቡ ኦዲት ተደርጓል ወይ፣ የራሱን ገቢ አሳድጓል ወይ፣ ያለውን መንገድና ቱቦ መዝግቦ ይዟል ወይ። ጥሩ ያመጣ ብዙ ያገኛል።

እኔ ይህን አሠራር እወደዋለሁ። ምክንያቱም ገንዘቡ ሲያልቅ ልምዱ ይቀራል። ዕዳው የአገር እንጂ የከተማው ስላልሆነ ለከተማው የምንዛሬ ስጋት የለበትም። ድክመቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራም ይዘጋል። አዲሱ እስኪመጣ የተሠራው ይሰነጣጠቃል። ለጥገናም አይሆንም፤ ለጋሽ አዲስ ነገር መሥራት እንጂ የድሮ ዲች መጥረግ አይወድም።

በዚህ ገንዘብ ከተሠሩት ሁሉ ኮብልስቶን ለብቻው ሊነሳ ይገባዋል። ከአስፋልት ጋር አወዳድሩት። የአስፋልቱ ሬንጅ ከውጭ ይመጣል፣ በዶላር። ድንጋዩ ከአካባቢው ካባ ይወጣል። የሚጠርበውም የሚያነጥፈውም የሰፈር ወጣት ነው፣ በብር ይከፈለዋል። ውኃና ፍሳሽ መጥቶ መንገዱን ቆፍሮ ቧንቧ ቢቀብር ድንጋዩ ተነቅሎ መልሶ ይተከላል። አስፋልት ሲቆረጥ ግን ጠባሳው ለዓመታት ይቀራል፣ ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጉድጓድ ይሆናል። ጉድለትም አለው። በደንብ ካልተጠቀጠቀ ይሰምጣል፣ ለዊልቸር ይከብዳል፣ ከባድ መኪና አይችልም። ለሰፈር ውስጥ መንገድ ግን ከእሱ የተሻለ አላየሁም።

የከተማ ሴፍቲኔቱም በዚሁ መደብ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2016 በ11 ከተሞች የተጀመረው ይህ ፕሮግራም ዝቅተኛ ኑሮ ያላቸውን ሰዎች በጽዳት፣ በችግኝና በተፋሰስ ሥራ ያሰማራል። ድህነትን ለመቀነስ የወጣው ገንዘብ ከተማውንም ያለማል ማለት ነው። ችግኙን ከተከላ በኋላ ሁለት ሦስት በጋ የሚያጠጣ ሰው ያስፈልጋል፤ ለዚያ እንዲህ ያለ የጉልበት ክፍያ ከማንኛውም ኮንትራት ይሻላል።

የራስ ገቢ፦ ሊዝ፣ የንብረት ታክስ፣ የአገልግሎት ክፍያ

ሦስቱም የከተማው ገንዘብ ናቸው። ባሕርያቸው ግን ለየቅል ነው።

ሊዝ ብዙ ብር በአንድ ጊዜ ያስገባል። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 መሠረት መሬት በጨረታ ይወጣል። ፈተናው እዚህ ነው። ከተማው ገንዘብ ሲያጥረው ዓይኑ ባዶ ቦታ ላይ ያርፋል። ባዶ ቦታ የምንለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሜዳ፣ ረግረግ ወይም የወንዝ ዳር ነው። ፓርክ ለመሥራት ፓርክ የሚሆነውን መሬት ማውጣት ይመጣል። ሊዝን እደግፋለሁ፤ ግን በአንድ ቅድመ ሁኔታ። አረንጓዴ ተብሎ በፕላን የተከለለው ቦታ ከጨረታ ዝርዝር በሕግ ይውጣ፣ ከሊዙ የተገኘውም ለቋሚ ሥራ እንጂ ለደመወዝ አይዋል።

የንብረት ታክስ ዝግ ያለ ነው፣ ግን በየዓመቱ ይመጣል። አዋጁ በ2017 ዓ.ም. ጸድቋል። ሕዝቡ ስጋት አለው፣ ኑሮው ተወዷልና ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን አስቡት። መንግሥት በቤቱ በር ላይ መንገድ፣ መብራትና ፓርክ ሲሠራለት የቤቱ ዋጋ ያድጋል። ከዚያ ዕድገት ትንሽ ወደ ከተማው ቢመለስ ቀጣዩ ሰፈር ይሠራበታል። የሴራሊዮን ዋና ከተማ ፍሪታውን ይህን አድርጋለች። ቤቶችን በሳተላይት ምስል ቆጠረች፣ ዋጋቸውንም ከውጭ በሚታይ ነገር፣ እንደ ጣራና ግድግዳ ዓይነት፣ ነጥብ እየሰጠች ገመተች። የሀብታሙ ግብር ጨመረ፣ የድሃው ቀነሰ። የአገራችን ከተሞች ከዚህ ሊወስዱት የሚገባው ይህን ነው፤ ጡረተኛዋን በትንሿ ቤቷ ልክ፣ ባለ ፎቁን በፎቁ ልክ።

የአገልግሎት ክፍያ የሚባለው ደግሞ እኛ ብዙ ያልሞከርነው ነው። በአሜሪካ ፊላደልፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የ25 ዓመት አረንጓዴ የዝናብ ውኃ አያያዝ ዕቅድ እያካሄደች ነው። ከምንጮቹ አንዱ የዝናብ ውኃ ክፍያ ነው። ለንግድና ለድርጅት ግቢ ስሌቱ ቀላል ነው። ግቢህ ውኃ የማያስገባ ወለል በበዛበት ልክ ትከፍላለህ። ግቢውን በሙሉ በሲሚንቶ ደፍኖ ውኃውን ወደ ጎረቤት የሚለቅ ይበልጥ ይከፍላል። ሣርና ዛፍ ያለው ይቀንስለታል። ትልልቅ የመኪና ማቆሚያና መጋዘን ባላቸው ከተሞቻችን ይህ ፍትሐዊ ይመስለኛል። በውኃ ቢል ላይ ማካተት ስለሚቻልም ሌላ ሰብሳቢ መሥሪያ ቤት አያስፈልገውም።

ለፍሳሽ፣ ለፓርክ፣ ለዛፍና ለእግረኛ መንገድ ከሁሉም በፊት የምመርጠው ይህን የራስ ገቢ ነው። እነዚህ ሥራዎች ቲኬት አይቆረጥባቸውም። ቲኬት ለማይቆረጥበት ነገር መበደር ዕዳውን ለሌላ በጀት ማሸከም ነው።

ብድር፦ ሁለት ዓይነት ነው፣ አንቀላቅለው

መጀመሪያ ሕጉ። በሕገ መንግሥቱ ክልሎች ሊበደሩ የሚችሉት ከአገር ውስጥ ምንጭ ነው፤ ያውም የፌዴራል መንግሥት በሚያወጣው ሕግ። ከውጭ የሚበደረው ፌዴራል መንግሥት ነው። ስለዚህ አንድ ከንቲባ ውጭ አገር ሄዶ "ብድር አገኘሁ" ሲል ያገኘው ተስፋ ነው።

አንደኛው ዓይነት ዝቅተኛ ወለድና ረጅም የእፎይታ ጊዜ ያለው የልማት ባንኮች ብድር ነው። ይዘገያል፣ ሰነዱ ይበዛል፣ የአካባቢና የማኅበራዊ ጥናት ይጠይቃል። ባለሥልጣናት በዚህ ሲማረሩ እሰማለሁ። ያ ጥናት ግን የጃንግዋኒን ዓይነት ስህተት ለመያዝ የተቀመጠ ነው፣ በደንብ ከተሠራ።

ሁለተኛው ከዕቃ አቅራቢው አገር የሚመጣ የንግድ ብድር ነው። ቶሎ ይለቀቃል። ኮንትራክተሩም፣ ዕቃውም፣ መለዋወጫውም ከዚያው አገር ይሆናል። ኢትዮጵያ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በቡድን 20 ማዕቀፍ ዕዳዋን ለማሸጋሸግ ስትደራደር ቆይታለች፣ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2023 ደግሞ ለውጭ ባለሀብቶች በዶላር የሸጠችውን የዩሮ ቦንድ ወለድ ሳትከፍል ቀርታለች። በዚህ ሁኔታ ላይ ያለ አገር ሁለተኛውን ዓይነት ብድር ለፓርክና ለመብራት መውሰድ የለበትም ባይ ነኝ።

ብድር የሚያዋጣው ዶላር ለሚያድን ሥራ ነው። የኤሌክትሪክ አውቶብስ ለዚህ ጥሩ እጩ ነው። የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ከልክሏል። ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ የሚመነጭ፣ በብር የሚከፈል ነው። ናፍጣው በዶላር። ስለዚህ አውቶብሱ በሄደ ቁጥር አገሪቱ ምንዛሬ ትቆጥባለች። ባትሪው ግን አሁንም ከውጭ ነው፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላ መቀየሩ አይቀርም። ያ ወጪ በመጀመሪያው ውል ውስጥ ይግባ።

አረንጓዴ ቦንድ

በቅርቡ ብዙ የሚወራለት ይህ ነው። ስሙ አዲስ ይምሰል እንጂ ነገሩ ቦንድ ነው። ከተማው ከባለሀብቶች ይበደራል፣ ወለድ ይከፍላል፣ በቀኑ ይመልሳል። አረንጓዴ የሚያሰኘው ገንዘቡን ለአካባቢ ጥበቃ ሥራ ብቻ ለማዋልና በየዓመቱ ለማሳወቅ መግባቱ ነው።

ጆሃንስበርግ እ.ኤ.አ. በ2014 በ1.46 ቢሊዮን ራንድ አወጣች፤ ለጸሐይ ውኃ ማሞቂያ፣ ከቆሻሻ ለሚገኝ ጋዝና ለአውቶብስ። ኬፕታውን እ.ኤ.አ. በ2017 የ1 ቢሊዮን ራንድ አስከተለች፤ ገዢው ከቀረበው ቦንድ አራት እጥፍ ጠየቀ። ሁለቱም የተበደሩት በራሳቸው ገንዘብ፣ በራንድ ነው። ሁለቱም ለዓመታት ኦዲት የተደረገ ሒሳብ፣ የብድር ደረጃ (ዕዳ የመመለስ አቅማቸው ምዘና) እና ከነዋሪው የሚሰበስቡት አስተማማኝ ገቢ ነበራቸው። ወለዱ ግን 10 በመቶን ያለፈ ነው፤ አረንጓዴ ስለሆነ ማንም አልቀነሰላቸውም።

ዳካር ደግሞ ዝግጅቷን ጨርሳ ቀረች። የ20 ቢሊዮን ሴፋ ፍራንክ ቦንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ልትሸጥ ጥቂት ቀናት ሲቀራት የሴኔጋል መንግሥት አገደው። ከተማዋን የሚመራው ተቃዋሚ ነበር። የማዕከላዊ መንግሥት ይሁንታ በጽሑፍ ሳይያዝ የዓመታት ድካም በአንድ ደብዳቤ ሊቀር ይችላል።

በእኛ አገር አዋጅ ቁጥር 1248/2013 የካፒታል ገበያን መሠረት ጥሏል። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያ በጥር 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። አዲስ አበባም ለቦንድ እንግዳ አይደለችም፤ ኮንዶሚኒየሙ የተሠራው ንግድ ባንክ በገዛው የከተማዋ ቦንድ ነው። የሕዳሴ ግድብ ቦንድ ደግሞ ሕዝቡ፣ ዳያስፖራውም ጭምር፣ ባመነበት ነገር ላይ ገንዘቡን እንደሚያኖር አሳይቷል። ነገር ግን ሰው ለዓባይ ያደረገውን ለማዘጋጃ ቤት ያደርጋል ብሎ ማሰብ ይከብዳል። ለማዘጋጃ ቤት የሚጠይቀው ሒሳብ ነው። ከዋጋ ንረት በታች ወለድ የሚከፍል ቦንድም የገዢውን ቁጠባ ይበላዋል። በእኔ ግምት ዛሬ ይህን ለመሞከር አቅሙ ያላት አዲስ አበባ ብቻ ናት። ሌሎቹ መጀመሪያ ሒሳባቸውን ለሕዝብ ያሳዩ።

ከግል ጋር መሥራት፣ በተለይ በቆሻሻ

የመንግሥትና የግል አጋርነት በአዋጅ ቁጥር 1076/2010 ተፈቅዷል። የግል ባለሀብቱ ይሠራል፣ ያስተዳድራል፣ ከክፍያው ይመለስለታል። ውሉ ላይ አንድ ነገር ፈልጉ። ገቢው ቢጎድል የሚሸፍነው ማነው? "መንግሥት ዋስትና ይሰጣል" ካለ ትርፉ የግል፣ ኪሳራው የሕዝብ ሆኗል። ዕዳው ዛሬ መዝገብ ላይ አይታይም እንጂ አለ።

ቆሻሻ ላይ ይህ ፈተና ጎልቶ ይታያል። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሼ (ረጲ) የቆሻሻ ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ገደለ። ያ ቀን ለከተማ ጽዳት የምንሰጠውን ቦታ መለወጥ ነበረበት። በነሐሴ 2010 በዚያው ረጲ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የሚያመነጭ ጣቢያ ተመረቀ፤ በቀን 1,400 ቶን እንዲያቃጥል ታቅዶ፣ በመንግሥት ገንዘብ። ሐሳቡ ያማረ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ግን አብዛኛው የምግብና የአትክልት ተረፈ ምርት፣ እርጥብ ነው። እርጥብ ነገር ለማቃጠል ራሱ ኃይል ይበላል። ካርቶኑን፣ ፕላስቲኩንና ብረቱን ደግሞ ቆራሌው ቀድሞ ወስዶታል፣ መልካምም አድርጓል።

ለአንድ የክልል ከተማ ምርጫው ግልጽ ይመስለኛል። ማቃጠያ ከመግዛት በፊት ከቤት መለየት ይጀመር። እርጥቡ ኮምፖስት ይሁን፣ ለከተማ ዳር ገበሬና ለችግኝ ጣቢያ ይሄዳል። ደረቁ ለተደራጁ ወጣቶችና ለቆራሌዎች ይተው። የግል ድርጅት ከገባም በሰበሰበው ቶን ሳይሆን ወደ ክምሩ ሳይሄድ ባስቀረው ቶን ይከፈለው።

መዋጮ

ግንቦት 11 ቀን 2011 ዓ.ም. ለአዲስ አበባ የወንዝ ዳር ልማት ገንዘብ በተሰበሰበበት የገበታ ለሸገር እራት አንድ ወንበር 5 ሚሊዮን ብር ተሸጠ። የወንዝ ዳር ፕሮጀክቱ 56 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል፣ 29 ቢሊዮን ብር ይፈልጋል ተብሎ ነበር። ብቻውን በእራት ይሞላ ቢባል 5,800 ወንበር ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። መዋጮ ያነሳሳል፣ የመጀመሪያውን መናፈሻ ያስከፍታል። የአትክልተኛውን የወር ደመወዝ ግን ማንም በእራት ግብዣ አይከፍልም።

እንግዲህ የቱን?

ትንሽ ከተማ ከሆነ፦ ብድርና ቦንድ ለጊዜው ይቆይ። በውጤት የሚሰጠውን ድጎማ ለማግኘት ሒሳቡን ያስተካክል፣ ኮብልስቶንና ዲች ይሥራ፣ የወንዝ ዳሩን ይከልል። ሴፍቲኔት ካለው ለችግኝና ለተፋሰስ ያውለው።

የክልል ዋና ከተማ ወይም የሐዋሳና የባሕር ዳር ዓይነት ሐይቅ ዳር ያለ ከሆነ፦ የንብረት ታክሱን በጥንቃቄ ይጀምር፣ የዝናብ ውኃ ክፍያን በውኃ ቢል ይሞክር። ሐይቁ ዳር ላይ ሆቴል በሊዝ ከማውጣቱ በፊት የሐይቁን ዳር ድንበር ምልክት ይትከልበት። ፍሳሽ ማጣሪያ ከፈለገ በፌዴራል በኩል የሚመጣ ዝቅተኛ ወለድ ብድር ይጠይቅ፤ ከነዋሪው ክፍያ ስለሚሰበስብ ሥራው ራሱን በከፊል ይችላል።

አዲስ አበባ ከሆነች፦ ለፓርክ የራሷን ገቢ፣ ለአውቶብስ ረጅም ብድር። የብር አረንጓዴ ቦንድ የምትሞክር ከሆነ በአንድ ትንሽ፣ ገቢው በሚታይ ሥራ ትጀምር። ቀላል ባቡሩን መጠገን ደግሞ ከማንኛውም አዲስ መስመር ይቀድማል። ሐዲዱ ተዘርግቷል፣ ጣቢያው ቆሟል። ቀድሞ የተከፈለበትን ነገር እንዲሠራ ማድረግ ከሁሉም አማራጮች ርካሹ ነው።

አንድ የሚረሳ ነገር ልጨምር። የበጀት ዓመታችን ሐምሌ 1 ይጀምራል። ያን ጊዜ ዝናቡ ገብቷል። አዲሱ በጀት ጸድቆ፣ ግዥው ወጥቶ፣ ኮንትራክተሩ እስኪገባ መስከረም ይደርሳል። ዲች ለመጥረግና የተሰበረ ክዳን ለመቀየር የሚያስፈልገው ብር ስለዚህ ካለፈው ዓመት በጀት ተነጥሎ መቀመጥና ግንቦት ውስጥ መውጣት አለበት። የከተማችሁ ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ይህን መስመር ፈልጉ። ከሌለ እንዲጨመር ጠይቁ።